ደረቴ ሙሉ ነው፣ ትራምፔቱ ግን ዝም ይላል

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው። በአንድ የወጣቶች ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት መንፋት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ብቻዬን ስለማመድ ደህና ነኝ። ባንዱ መሃል ስገባ ግን የመጀመሪያው ድምፅ አይወጣልኝም። አየር ስቤ ልነፋ ስል ጉሮሮዬ ዝግት ይላል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ፈንድቶ ይወጣል፤ ያኔ ሌሎቹ አልፈውኛል። ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ ሲሆን ዓይኔን ያጭበረብረኛል። አንዳንዴ ደግሞ ደረቴ ሙሉ ሆኖ ሳለ አየር ያጥረኛል። መሪያችን "ከዲያፍራምሽ ንፊ፣ ሆድሽን አጥብቂ" ይለኛል። ባጠበቅሁ ቁጥር ይብሳል። ሳንባዬ ትንሽ ይሆን? ወይስ የጎንደር ከፍታ ነው? ማውዝፒሱን፣ ከንፈሬ የሚያርፍበትን አፉን፣ ብቀይርስ? ጥምቀት ሁለት ወር ነው የቀረው።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የድሮ የራሴን ገመና ያነበብኩ መሰለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ እኛ ከፊት ነበርን። ከበሮው ቁጥሩን ሰጠ። ሁሉም ገባ። እኔ ቀረሁ። ደረቴ እስከ አንገቴ ሞልቷል፣ ጣቶቼ ፒስተኑ ላይ ናቸው፣ ከንፈሬ ቦታውን ይዟል፤ ድምፅ የለም። አጠገቤ የነበረው ትሮምቦን ነፊ በዓይኑ ጥግ አየኝ። ሲጨርስ «ተኛህ እንዴ?» አለኝ። ያን ቀን ማታ ትራምፔቱን ልሸጠው ቆርጬ ነበር። ገዢ ጠፋ፤ ተመስገን።

መጀመሪያ ትልቁን ፍርሃትሽን እናውርድ። ሳንባሽ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ቤትም ያጥርሽ ነበር። ሳንባ አዘዞ ላይ ሰፍቶ ባንድ መሃል ሲገባ አይጠብም። «ብቻዬን ስለማመድ ደህና ነኝ» ያልሽው የመልሱ ግማሽ ነው።

እስቲ በሃይላንድ እንለካው። ቁጭ ብለሽ ዝም ብለሽ ስትተነፍሺ በአንድ ጊዜ የምታስገቢው አየር ግማሽ ሊትር ያህል ነው። አንድ ትንሽ ሃይላንድ በይው። እስከ መጨረሻው ስበሽ እስከ መጨረሻው ብታወጪ ግን ጤነኛ ወጣት ሴት ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ ይወጣታል። ስድስት ሃይላንድ ማለት ነው። ለትራምፔት ይህ ከበቂ በላይ ነው። አየር የሚበላው ቱባ የሚባለው ግዙፉ የናስ መሣሪያ ነው። ትራምፔት የሚፈልገው ጥቂት አየር፣ ግን ግፊት ያለው አየር ነው። ድምፁ እየቀጠነ ወደ ላይ ሲወጣ በከንፈርሽ መሃል የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፤ ከኋላው ያለው ግፊት ግን ይጨምራል።

እንዲያውም አሜሪካ ውስጥ አርኖልድ ጄኮብስ የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ ነፍቷል። አስም ነበረበት። አስም ያለበት ሰው፣ ያውም ቱባ! እንደዚያም ሆኖ ስለ ትንፋሽ ለመማር ከየአገሩ የናስ መሣሪያ ነፊዎች ደጁን ይጠኑ ነበር።

«ደረቴ ሙሉ ሆኖ አየር ያጥረኛል» ላልሽውም መልሱ ከዚሁ አይርቅም። አየሩ አላለቀም። የያዝሽው አየር ነው ያረጀው። ትራምፔት ትንሽ ትንሽ ስለሚያወጣ ኦክስጅኑን የጨረሰ አየር ደረትሽ ውስጥ ይቀራል። አንቺ ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ትጨምሪበታለሽ። ሰውነትሽ «አውጪልኝ» ሲል «አስገቢልኝ» ያለ ይመስልሻል። ስለዚህ በረጅም ዜማ መሃል የማረፊያ ቦታ ስታገኚ መጀመሪያ የቀረውን እፍ ብለሽ አውጪው፤ ከዚያ ሳቢ። ይህች ብቻ ብዙ ሰው ታሳርፋለች።

ከፍታው? ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከቆላ የመጣ ነፊ ዳገታችን ላይ ምላሱ ይወጣል። እዚህ የኖረ ሰው ግን ሰውነቱ ለምዶታል። ለማንኛውም ከፍታ ጉሮሮ አይቆልፍም።

የሚቆልፈው ሌላ ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ከመሬት ስታነሺ ምን እንደምታደርጊ አስታውሺ። አየር ትስቢያለሽ። ጉሮሮሽን ትዘጊያለሽ። ሆድሽ ይጠብቃል። ከዚያ «እህ!» ብለሽ ታነሺዋለሽ። ያቺ «እህ» በሩ ሲከፈት የምታመልጥ አየር ናት። በሩ ማንቁርትሽ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ናቸው። ግጥም ብለው ተዘግተው አየሩን ደረትሽ ውስጥ አፍነው ይይዙታል፤ የታፈነው አየር ወገብሽን እንደ ምሰሶ ይደግፋል። ምጥ ላይ ያለች ሴት ስታምጥም ይኸው ነው። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1666 እስከ 1723 በኖረ አንድ ጣሊያናዊ የሰውነት አካል ሊቅ ስም «ቫልሳልቫ» ይሉታል። ማንም አያስተምረንም፤ አብሮን የተወለደ ብልሃት ነው።

ለጀሪካን ግሩም ነው። ለትራምፔት ግን መርዝ ነው። አንቺ ባንዱ መሃል ስትቆሚ ትፈሪያለሽ፣ «እንዳላበላሽ» ትያለሽ፣ ሰውነትሽም ከባድ ነገር ልታነሺ የተዘጋጀሽ ይመስለዋል። በሩን ይዘጋልሻል። ሊረዳሽ ብሎ ነው፤ አትፍረጂበት።

ዓይንሽን የሚያጭበረብርሽም በዚሁ ሰበብ ነው። ደረት ውስጥ ግፊት ሲበዛ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መንገዱ ይጠብበታል። ልብ የሚደርሳት ካነሰ የምትረጨውም ያንሳል። ጭንቅላት ደም ያጥረዋል። ከፍ ያለ ድምፅ ረጅም ጊዜ ሲያዝ ይህ በማንም ላይ ትንሽ ትንሽ ይታያል። ጉሮሮ ሲታነቅ ግን ይብሳል። አንድ ቀን ቆመሽ ስትነፊ በእርግጥ ከጨለመብሽ ወዲያው አቁሚና ተቀመጪ። ለኩራት ብሎ ከትራምፔት ጋር መውደቅ ጥርስ ያስወልቃል፤ የምሬን ነው።

አሁን ወደ «ከዲያፍራምሽ ንፊ» እንምጣ። መሪያችሁን አትቀየሚው። እኔም ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ፤ ሳስበው ይቆጨኛል። ዲያፍራም ከሳንባ በታች እንደ ድንኳን የተዘረጋ ጡንቻ ነው። ሥራው አየር ማስገባት ነው። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳንባ ይሰፋል፣ አየር ይገባል። አየር ሲወጣ እሱ እየለቀቀ ወደ ላይ ይመለሳል። የሚገፉት የሆድና የጎን አጥንት ጡንቻዎች ናቸው። እንግዲህ «ከዲያፍራምሽ ንፊ» ማለት «በመጉረስ ትፊ» እንደ ማለት ነው።

«ሆድሽን አጥብቂ» ደግሞ ይባስ። አየሩ መንቀሳቀስ ሳይጀምር ሆድሽን ስታጠብቂ ሆድ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዲያፍራም ወደ ታች ይይዛል፣ ጉሮሮ መሃላቸው ገብቶ ይዘጋል። ሦስቱም ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ይሠራሉ። የሚንቀሳቀስ አየር ግን የለም። መሪያችሁ ሊልሽ የፈለገው «አየርሽ አይቆራረጥ» ነው። ልክ ነው። መንገዱ ነው የተሳሳተው።

ይህ አባባል ከየት መጣ ብትይ የራሴ ግምት አለኝ። የናስ ባንድ በአገራችን ያደገው በቤተ መንግሥትና በሰፈር ነው፤ ሰፈር ስል የወታደር ሰፈር። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችም የቤተ መንግሥት ናስ ባንድ ነበሩ። ከዚያ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦሩ ቀጠለ። ወታደር ሲቆም ደረት ወደ ፊት፣ ሆድ ወደ ውስጥ ነው። ለሰልፍ ያምራል። ለትንፋሽ ግን ሆድ ወደ ውስጥ ከገባ ዲያፍራም የት ይውረድ? ቆንጆ አቋቋም ወረስን፣ የታነቀ ጉሮሮም አብሮ መጣ።

እኔን ያዳነኝ መምህር አልነበረም። እናቴ ነበረች፤ ሳታውቀው። ክረምት ነው። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። እናቴ ምድጃው ላይ አጎንብሳ እሳት ታቀጣጥላለች። ፊቷን ወደ ጎን ዞር አድርጋ ከጭሱ ውጪ አየር ትስባለች፣ ዞር ትልና «እፍፍፍ»። እንደገና ዞር፣ ሳብ፣ «እፍፍፍ»። ፍሙ ይቀላል፣ አመዱ ብን ይላል። ደጋግሜ አየኋት። በመሳቧና በመንፋቷ መሃል ምንም የለም። አትቆምም፣ አትዘጋም፣ ሆዷን አታጠብቅም። አየሩ ይገባል፣ ይዞራል፣ ይወጣል። እኔ ደግሞ ጫፉ ላይ እቆም ነበር። ስቤ፣ ቆልፌ፣ «አሁን!» እስክባል እጠብቅ ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች ቆም ባልኩባት ቅጽበት ውስጥ ነበር።

ዥዋዥዌ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ። ጫፍ ላይ ስትደርስ አትቆለፍም፤ ትዞራለች። ትንፋሽሽም እንደዚያ ነው መዞር ያለበት።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ትራምፔት። ወለል ላይ በጀርባሽ ተኚና የግማሽ ኪሎ ጨው ከረጢት እምብርትሽ ላይ አስቀምጪ። በአራት ቁጥር ሳቢ፣ በአራት ቁጥር አውጪ። ጨዉ ይነሳል፣ ይወርዳል። ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቆልፈሻል ማለት ነው። መዞር አለበት። ካዞረሽ አታብዢው። ሳያስፈልግ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መተንፈስ ራሱ ያዞራል።

ጉሮሮሽ መዘጋት አለመዘጋቱን የምታውቂበት ሌላ ዘዴ ልንገርሽ። አፍሽን ከፍተሽ አየር ሳቢና ያዢው። አሁን ትንሽ ጨምረሽ ሳቢ። ስትጨምሪ ጉሮሮሽ ውስጥ ትንሽ «ቅጭ» የምትል ነገር ከተሰማሽ በሩ ተዘግቶ ነበር። ምንም ሳይሰማሽ አየሩ ከገባ ክፍት ነበር። ሰው ሁሉ አየር ለመያዝ ጉሮሮውን መዝጋት ያለበት ይመስለዋል። አያስፈልግም። ጎንሽን እንደ ሰፋ ብታቆዪው አየሩ የትም አይሄድም። ይህን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ባጃጅ ውስጥም ሆነሽ መሞከር ትችያለሽ። ማንም አያይሽም።

ቀጥሎ ትራምፔቱን አንሺ፤ ድምፅ ግን አታውጪ። ከንፈርሽን አላልተሽ አየር ብቻ አሳልፊበት። እፍፍፍ። የናስ ቱቦ ውስጥ የሚሄደውን ነፋስ ስሚው። ከዚያ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ፣ አየሩ እየሄደ ሳለ፣ ከንፈርሽን ቀስ ብለሽ አቀራርቢ። ድምፁ በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል። ዘግይቶ ይመጣል፣ ይቆሽሻል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ተይው! የዚህ ልምምድ ሕጉ አንድ ነው፦ ድምፅ ይቅር፣ አየር አይቁም። በምቾት ከምትይዣቸው መካከለኛ ድምፆች ጀምሪ። ከፍ ያሉትን ለሦስት ሳምንት እርሺያቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሙሉ ሳንባ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅምሻል። የሞላ ሳንባ እንደ ተነፋ ፊኛ ነው። አፉን ስትለቂው አየሩ በራሱ ይወጣል። የመጀመሪያው ድምፅሽ መገፋት አያስፈልገውም፤ መለቀቅ ይበቃዋል። መግፋት የሚያስፈልገው ወደ ኋላ ላይ ነው፣ ፊኛው ሲለሰልስ። እኛ ግን በተገላቢጦሽ እንሠራለን። መጀመሪያ ላይ እንደ በሬ እንገፋለን፣ መጨረሻ ላይ እንዝላለን። ደግሞ እስከ ጠብታው አታሟጪው። የሚጨናነቅ ስሜት ሳይመጣ በፊት ትንፋሽ ውሰጂ።

አሁን የምወዳት ነገር መጣች። ምላስ።

መሪዎቻችን ድምፅ አጀማመር ሲያስተምሩ «ጡ በሉ» ይላሉ። «ጡ! ጡ! ጡ!» ጥሩምባ በ«ጥ» ስለሚጀምር ይሆን እንጃ። እስቲ መዳፍሽን ከአፍሽ ፊት አድርጊና «ቱ» በዪ። አየር መዳፍሽን ይመታዋል። አሁን «ጡ» በዪ። ፍንጥር የምትል ትንሽ ነገር አለች፣ ከዚያ ጭጭ። ለምን? «ጥ» ስንል ጉሮሯችን ይዘጋል። «ጥ»፣ «ቅ»፣ «ጭ»፣ «ጵ»፣ «ጽ» ሁሉ እንዲህ ናቸው። የድምፅ አውታሮቹ ተዘግተው፣ አፍ ውስጥ የቀረችው ትንሽ አየር ብቻዋን ተፈናጥራ ነው የምትወጣው። ፈረንጆች እነዚህን ድምፆች ለማውጣት መከራቸውን የሚያዩት ለዚህ ነው። ለእኛ የእናት ቋንቋ ነው፤ ሳናስበው እንቆልፋለን። እንግዲህ ትራምፔት ላይ «ጡ» እያልሽ የምትጀምሪ ከሆነ በየድምፁ በሩን እየዘጋሽ ነው። «ቱ» በዪ። ለስለስ ያለ አጀማመር ሲሆን «ዱ»። መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ያለ ምላስ «ሁ» ብቻ።

ይህን ነገር ባወቅሁ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር እየዞርን መዳፋችን ላይ «ቱ» ስንል ዋልን። ያየን ሰው መተት የምናከሽፍ መስሎታል።

ምላስ አየር ማቆሚያ አይደለም። እልልታን አስቢ። እልል ስትዪ ምላስሽ ሺህ ጊዜ ይመላለሳል፣ አየሩ ግን አንድ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቋረጥም። ጉሮሮሽም ክፍት ነው፤ ካልሆነማ ያን ያህል አይሰማም ነበር። ትራምፔት ላይ ተከታታይ ፈጣን ድምፆች ሲመጡብሽ በልብሽ እልል በዪ። በዚህ ወንዶቹን ትበልጫቸዋለሽ።

ሌላው ጉዳይ ቤት የማይመጣው ነገር ባንድ ውስጥ ለምን ይመጣል የሚለው ነው። ብቻሽን ስትሆኚ ስትፈልጊ ትጀምሪያለሽ። ባንድ ውስጥ «አሁን» የሚባል ሰዓት አለ። ብዙዎቻችን ቀድመን እንስብና እንጠብቃለን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ሲባል አንድ ላይ ስበን እስከ አራት ደረታችንን ወጥረን እንቆማለን። እዚያ ነው በሩ የሚዘጋው። ይልቅ ሦስት እስኪባል ዝም ብለሽ ተንፍሺ። በአራት ሳቢ። በአንድ ውጪ። ትንፋሹ ራሱ የከበሮው አካል ይሁን። ዜማው ፈጠን ካለ ከሦስት ጀምረሽ ሳቢ፤ ዋናው በመሳብና በመንፋት መሃል ባዶ ምት አለመኖሩ ነው።

እምቢልታ ነፊዎችን ካየሽ ይህ ነገር ቶሎ ይገባሻል። እምቢልታ ቀዳዳም ፒስተንም የለውም። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን አንድ ሁለት ድምፅ ይዞ ተራው ሲደርስ ያስገባል፤ ዜማው ከሁሉም ተሰፍቶ ይወጣል። አንዱ ቢዘገይ ዜማው ይቀደዳል። በነገሥታቱ ዘመን ከነጋሪትና ከመለከት ጋር በዚሁ ከተማ ሲነፋ የኖረው እንዲያ ነው። ተራቸውን ሲጠብቁ ትንፋሻቸውን አምቀው አይቆሙም። በሰውነታቸው ከሌሎቹ ጋር ይወዛወዛሉ፣ ተራቸው ሲመጣ ትንፋሹ በውዝዋዜው መሃል አብሮ ይወጣል። አንቺም ሰልፍ ላይ እንደ ምሰሶ አትገተሪ።

አንድ ጓደኛሽን ከበሮ ወይም ጠረጴዛ እንዲመታልሽ ለምኚው። በሳምንት ሁለቴ። ለመግባት ሃያ ጊዜ ሞክሪ። ከተቆለፍሽ አትግፊ። አየሩን በአፍንጫሽ ለቀቅ አድርጊና የሚቀጥለውን ዙር ጠብቂ። በግፊት መክፈት ከለመድሽ ያ ራሱ ሌላ ልማድ ይሆንብሻል።

ስለ ሰልፉ። ከተራ ዕለት ቁልቁለት ነው፣ ችግር የለም። ጥር 11 ወደ ላይ ስትመለሱ ነው ፈተናው። ዳገት እየወጣሽ እግርሽም ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ትራምፔቱም ትንፋሽሽን ይይዝብሻል። ከመሪያችሁ ጋር ተነጋገሩና ዳገቱ ላይ ግማሾቻችሁ ነፍታችሁ ግማሾቻችሁ እረፉ። ማንም አያውቅም፣ ድምፁም አይጎድልም። ኮብልስቶን ላይ ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርገሽ ተራመጂ፤ ካልሆነ እያንዳንዱ እርምጃ ማውዝፒሱን ከከንፈርሽ ጋር ያጋጨዋል። የዩኒፎርሙን ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ አላሊው። የገሃድ ጾም እንዳለ አውቃለሁ፤ በባዶ ሆድ ከፍ ያለ ድምፅ መያዝ ግን ለመውደቅ መንገድ መጥረግ ነው። ከባድ የሆነውን ለሌላ ስጪው። ጠዋቱ ብርድ ስለሆነ ትራምፔቱም ዝቅ ብሎ ይጮኻል። በከንፈርሽ ጨምቀሽ ልታነሺው አትታገዪ። አየር ብቻ እያሳለፍሽ አሙቂው።

መሣሪያሽንም ፈትሺ። ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ። አንድ ልጅ ለወራት «ትንፋሼ አይበቃም» እያለ ሲያለቅስብኝ ነበር። ሳንባውን ልናስመረምር ደርሰን ነበር። አንድ ቀን ትራምፔቱን ተቀብዬ ብነፋ እኔም አልበቃኝ አለ። የምራቅ ማፍሰሻዋን ብቻ አየኋት፤ ቡሿ አልቆ ናሱ ናስ ላይ ተቀምጧል፤ አየሩ በጎን ይወጣል። ከወይን ጠጅ ጠርሙስ ቡሽ በምላጭ ቆርጬ ለጠፍኩለት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ሲነፋ ራሱ ደነገጠ። አንቺም ጣትሽን በምራቅ አርጥበሽ እዚያች ቦታ ላይ እያስጠጋሽ ንፊ፤ ነፋስ ከተሰማሽ አግኝተሽዋል። ከዚያ የሦስተኛውን ፒስተን ተንሸራታች ቱቦ ፒስተኑን ሳትጫኚ ሳቢው። «ፏ» ብሎ ከወጣ ጤነኛ ነው። ዝም ብሎ ከወጣ ፒስተኑ ወይም ቱቦው ተበልቶ አየር ያሾልካል።

ሐኪም የሚያስፈልግባቸው ነገሮች አሉ። እየነፋሽ በአፍንጫሽ አየር ከሾለከ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ እያሰማ፣ እንጥል የሚንጠለጠልበት ለስላሳው ላንቃ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ቀን አርፊ። ካልተመለሰ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ሳትነፊም ደረትሽ ሲር ሲር ካለ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ወይም ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብሽ ልምምዱን ትተሽ ተመርመሪ። ማውዝፒስ ደግሞ አትዋዋሱ። ባንዶቻችን ውስጥ የማየው ትልቁ ቆሻሻ ልማድ ይህ ነው።

መቼ ይሻለኛል ትዪ ይሆናል። እኔ ወር ተኩል ያህል ፈጅቶብኛል። አንድ ሳምንት ደህና ሆኜ እንደገና የተቆለፍኩበትም ጊዜ ነበር። አሁንም በዓመት አንዴ ይመጣብኛል፤ ሲደክመኝ ወይም የማላውቀው ባንድ ውስጥ ስቆም። ሲመጣ አውቀዋለሁ። እናቴን አስባለሁ፣ ፊቴን ትንሽ ወደ ጎን ዞር አድርጌ እስባለሁ፣ እፍ እላለሁ።

ማውዝፒሱን አሁን አትቀይሪ። አዲስ ማውዝፒስ ሁለት ሳምንት ያስደስትሻል፣ ከዚያ ያው ጉሮሮ ያው ነው። ገንዘቡ ካለሽ የፒስተን ዘይት ግዢበት። የተረፈሽን ቡሽ ግዢበት።